ተሸኝታ የቀረችው

ለሄደ ሰው ስም አለን፤ ተጓዥ። ለመጣ ሰውም አለን፤ ተመላሽ። ተመርቆ፣ ተለቅሶለት፣ ሻንጣው ተመዝኖ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ «መልካም መንገድ» ተብሎ ተለጥፎ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሳሎን ውስጥ በቢጃማ ቁጭ ያለን ሰው ግን ምን ብለን እንደምንጠራው አላውቅም። እኔ ያንን ሰው ሆኜ አሥር ቀን ኖሬያለሁ። ስም ካገኛችሁለት ንገሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱ 2011 ዓ.ም ነው። ኦሃዮ ውስጥ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ቪዛው ተመታ፤ ትኬቱ ተቆረጠ። ሐሙስ ነሐሴ 16 ማታ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዚያ ለብቻው በኢንተርኔት በገዛሁት ርካሽ ትኬት ወደ ኦሃዮ። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነሐሴ 20፣ በነሱ ኦገስት 26 ነው። የበረራውን ቀን የመረጠችው እማዬ ናት ብል ውሸት አይሆንም። ፍልሰታ የሚፈታው በዚያው ሐሙስ ነዋ! «ልጄ የቤቷን ዶሮ ሳትቀምስ አገር አትለቅም» ብላ ከትኬት ቢሮዋ ልጅ ጋር በስልክ ስትከራከር ሰምቻለሁ። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ተሸነፈች። እማዬን ማንም አያሸንፋትም።

ሽኝቱ እሑድ ነሐሴ 12 ሆነ፤ የቡሄ ዋዜማ። ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ተደረደረ። ስልሳ ሰው መጣ። የሰፈር ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ ሆያ ሆዬ ብለው ገቡ፣ ሙልሙል ተሰጣቸው፣ ሁለተኛ ዙር ሊጨፍሩ ሲሉ አባዬ አስወጣቸው። ሁሉም ሰው ሳመኝ። እኛ ስንሳሳም ደግሞ አንድ ጊዜ አይበቃንም፤ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ሦስት ጊዜ፣ የወደደ አራት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ መጣች። አብረን ነው ያደግነው፤ እህቴ ብላት ይቀለኛል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችና «አክስትህ ልትሄድ ነው፣ ቻው በላት» አለችው። እሱም ረገጠኝ።

ሰኞ ከሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ። ወገቤን ቆረጠመኝ። ማታ ትኩሳቴ ወጣ። በኛ ቤት ሐኪም የሌለ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ሐኪም ነው። እማዬ «ምች ነው» አለች፣ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ፣ የተረፈውን ግንባሬ ላይ አሸችው። አባዬ «ድካም ነው» አለ። ጓደኛዬ በስልክ «ጭንቀት ነው፣ እኔም ፈተና ሲደርስ እንደዛ ነው የሚያደርገኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ ወባም፣ ታይፎይድም፣ ሌላም ሌላም አልኩ። ማታ ላይ ሁለት ፓራሲታሞል ውጬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ራሴን አሳከከኝ። ቅዳሜ ዕለት ለመንገድ ብዬ አምስት ሰዓት ተቀምጬ ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ «ጠብቆብኝ ነው» አልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ አንዱን ጉንጉን ገለጥ ሳደርግ ትንሽ ውኃ የቋጠረች ነገር አየሁ። ከጆሮዬ ጀርባ ሌላ። ደረቴ ላይ ሦስት። ቁርስ እስክበላ ሰባት ሆኑ።

ክሊኒክ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ እማዬና አባዬ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት እንደ ሙሽራ ታጅባ። ዶክተሩ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ገና ሲያዩኝ «ጉድፍ ነው» አሉ።

እማዬ «የምን ጉድፍ? ዐይኗን ነው?» አለች።

«አይ፣ ቺክንፖክስ የሚባለው።»

«ከዶሮ ነው የያዛት?! ዶሮው እኮ ገና አልታረደም!»

ከዶሮ ጋር ምንም አያገናኘውም። የሚይዘው ከሰው ነው፣ በትንፋሽም በንክኪም። ከተያዝክ በኋላ ከ10 እስከ 21 ቀን ተደብቆ ይቆያል። ወደ ኋላ ስቆጥር ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። የእህቴ ልጅ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት «ምን ነካው» እያልኩ ተሸክሜው ስዞር የዋልኩበት ቅዳሜ። ልጁ በሳምንቱ ድኖ ኳስ ሲጫወት ነበር። ልጆችን በአብዛኛው ቀለል ይላቸዋል፤ ትልቅ ሰው ሲይዝ ግን ይጠናል፣ አንዳንዱን ሳንባው ድረስ ገብቶ ያሳምመዋል። ዶክተሩ አሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት አዘዙልኝ፤ ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው አሉ። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ አትከኪው፣ አስፕሪን እንዳትወስጂ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዩኒቨርሲቲው ከላከልኝ የጤና ፎርም ላይ «ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። እማዬን ከኩሽና ጠርቼ ጠየቅኋት። «ኧረ አንቺ ምን ያልወጣብሽ አለ!» አለችኝ። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። በቃ፣ እንደዛ ነው የሞላሁት። ክትባት እንዳለው እንኳን የሰማሁት ዶክተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ነው።

የአባዬን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አባዬ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ዶክተር፣ ከፍታው አይጎዳትም? አውሮፕላኑ እኮ 12,000 ሜትር ላይ ነው የሚበር» አለ። ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «አባት፣ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ የፈለገውን ያህል ቢወጣ፣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚታመቅ ሰውነቷ የሚሰማው ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለች ነው። ድሪምላይነር ከሆነ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ነው። አዳማ የወረደች በሉት።» አባዬ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን እንደራሱ ግኝት አድርጎ ነው የሚያስተምረው፤ «የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር ወደ ቆላ እየወረደ ነው» እያለ። ዶክተሩ አክለው የነገሩንን ግን ይዘለዋል። አፍንጫውና ጆሮው በጉንፋን የታፈነ ሰው የሚሰቃየው አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው። ከዚያ «አዳማ» ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ከተማ ሲያርፍ፣ የተዘጋ ጆሮ ግፊቱን ማስተካከል አቅቶት ታምቡሩን ይወጥረዋል። «ጉንፋን ነው፣ ምን አለበት» የሚባለው ነገር ለአንዳንዱ በእንባ ነው የሚያልቀው።

የኔ ችግር ግን ጆሮ አልነበረም። «ፓራሲታሞል ወስጄ ብሄድስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ትኩሳቱን ይሸፍንልሻል፣ በሽታውን አይሸፍነውም። ሁሉም ደርቀው ቅርፊት እስኪሠሩ ድረስ ታስተላልፊያለሽ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቀን በይው። በዚያ ላይ ሽፍታውን በር ላይ ካዩሽ አያስገቡሽም።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ባለፉት ሁለት ቀናት ከማን ጋር ነበርሽ?» አሉኝ።

«ለምን?»

«ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው መተላለፍ የሚጀምረው።»

ስልሳ ሰው። ሦስት ሦስት ጊዜ። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር። እማዬን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዶክተሩ ያላየ ነፍሰ ጡር ሴት ትጠንቀቅ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ይጠበቅ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው አይቅረብሽ እያሉ ሲቀጥሉ እኔ የምሰማው «እሱም ረገጠኝ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ለማን እንደደወልኩ ገምቱ። ለማንም። ማክሰኞ ሙሉ ቀን፣ ማታውንም፣ ረቡዕ እስከ ምሳ ድረስ ለማንም አልደወልኩም። ለትኬት ቢሮውም፣ ለዩኒቨርሲቲውም፣ ለአክስቴ ልጅም። ብጠይቁኝ ምክንያት ነበረኝ፤ «እስከ ሐሙስ ሊጠፋ ይችላል»። አርባ ሆኖ ሳለ ነው ይህንን የምለው፤ የቆጠርኩት እኔው ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጓደኛዬ መጣች። እሷ በልጅነቷ ወጥቶባታል፣ የሚያስረዳ ጠባሳም አፍንጫዋ ላይ አላት፣ ስለዚህ አልፈራችም። ሥራዋ ሙሽራ ማስዋብ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ዕቃዋን አልጋዬ ላይ ዘረገፈችና «በፋውንዴሽን የማይሸፈን ነገር ገና አልተፈጠረም» አለች። አንድ ጉንጬን ሠራችው። ከዚያ ስካርፍ አንገቴ ላይ ጠመጠመች፣ እጅጌዬን ወደ ታች ሳበችው፣ መስታወት ሰጠችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምራል። ምንም አይታይም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ራሴን አየሁ። እሄዳለሁ አልኩ። ሳስበው ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ፦ ሌሊት ነው የምሳፈረው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ስካርፌን ተከናንቤ እተኛለሁ፣ ማን ያውቃል? ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ማመልከቻ፣ የተፈተንኩት ፈተና፣ እማዬ ዕቁብ ወጥቶላት የከፈለችው ትኬት፣ ያ ሁሉ በሠላሳ ብጉር ሊቀር ነው? እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። አትሂጂ አላለችም። ሂጂም አላለችም። «ጠበል ልርጭሽ» ብላ ሄደች።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የአክስቴ ልጅ።

«ስሚ፣ ነገ ኤርፖርት እመጣለሁ» አለችኝ። «ባሌ መኪና ተውሷል። እሑድ በደንብ አልተሰናበትኩሽም።»

«አትምጪ» አልኩ።

«ለምን? ደክሞሻል ብለሽ ነው? ደህና ነኝ።»

«አትምጪ፣ ጉድፍ ወጥቶብኛል። አጠገቤ መቅረብ የለብሽም።»

ይህንን ስናገር ግማሽ ፊቴ ተቀብቷል። መስታወቱ እጄ ላይ ነው። እሷን ሃያ ሜትር እንዳትቀርበኝ እየከለከልኩ ነው፤ በነጋታው ማታ ግን ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ ክርን ለክርን ተነካክቼ የማላውቀው ሰው አጠገብ ልቀመጥ ነው። ጓደኛዬ ስፖንጇን እንደያዘች ቀርታለች።

«መቼ ነው የወጣብሽ?» አለች የአክስቴ ልጅ።

«ትላንት ጠዋት።»

«እሑድ ነበረብሽ?»

«አልወጣም ነበር። ግን ዶክተሩ... ከመውጣቱ በፊትም ይተላለፋል አሉ።»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ «ትላንት ጠዋት ካወቅሽ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ? ያውም እኔ ደውዬ» አለች። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። «ሐኪሜ ጋ ልደውል» ብላ ዘጋችው።

ፊቴን ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የስልክ ሥራ ነው፤ ግን አንዳችሁ ነገ ይደርስባችሁ ይሆናልና ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ትኬት ቢሮው። ልጅቷ «ከበረራው በፊት በመደወልሽ ተገላገልሽ» አለችኝ። ቀን ማስቀየር ቅጣት አለው፣ ግን ይከፈላል። ሳትናገሪ ከቀረሽ «ኖ ሾው» ትባያለሽ፣ ቅጣቱ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ትኬት እንዳለ ይቃጠላል። ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው ደግሞ መሄጃውን ካልተጠቀመ መመለሻውም ይሰረዝበታል፤ «የመመለሻውን በኋላ እጠቀምበታለሁ» ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ ኋላ ቦሌ ድረስ ሄዶ ስሙ የለም። የሐኪም ወረቀት ይዤ ስለሄድኩ ደግሞ ከቅጣቱ የተወሰነውን ቀነሱልኝ፤ ይህ ግን በትኬቱ ዓይነት ነው፣ ለሁሉም ይሆናል ብዬ አልምልም።

ያ ብልጥ ነኝ ብዬ ለብቻው የገዛሁት የኦሃዮ ትኬት ግን በቃ፣ ቀለጠ። ከዋናው ትኬት ጋር ስላልተያያዘ አንዱ ሲቀየር ሌላው አብሮ አይቀየርም። 140 ዶላር። ያኔ ባንክ ዶላሩ 29 ብር አካባቢ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ባለው ሒሳብ ላስላው ብዬ ጀምሬ ተውኩት፤ ሰው እየሳቀብኝ ነው።

«ኢንሹራንስ አልነበረሽም ወይ?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አልነበረኝም። አውሮፓ የሚሄዱ ጓደኞቼ «እኛ አለን» ይላሉ፤ ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነዋ። ወረቀቱን በደንብ አንብቡት። እሱ የሚያሳክማችሁ እዚያ ደርሳችሁ ስትታመሙ ነው። ቦሌ ሳትደርሱ ቤታችሁ ብትታመሙ ትኬታችሁን የሚመልስላችሁ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱን ካልገዛችሁ የላችሁም።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው። በአሜሪካ ተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው አይ-ትዌንቲ የሚባል ወረቀት አለው፤ ላዩ ላይ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ተጽፏል። ከዚያ ቀን ዘግይቶ ያለ ምንም ማስረጃ ኤርፖርት ቢደርስ የኢሚግሬሽን ሰውዬ «የት ነበርሽ?» ይላል። ስለዚህ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጻፍኩ፤ ታምሜያለሁ፣ ይህ የሐኪሙ ወረቀት ነው፣ ስንት ቀን ትታገሱኛላችሁ? እዚያ ገና ጠዋት ስለነበር በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ። በሳምንት ዘግይተሽ እንድትገቢ ፈቅደናል የሚል ደብዳቤ አያይዘዋል፤ አትመሽ በእጅሽ ያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው ይላል። ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ሁሉ በአራት መስመር ኢሜይል አለቀ። ማክሰኞ ብጽፍ ማክሰኞ ያልቅ ነበር። (ለሁሉም እንዲህ አይቀልም። የዲቪ ዕድለኛ የሆነ ሰው ቪዛው ቢበዛ ስድስት ወር ነው የሚቆየው፤ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ለጉዞ የተነሳ ሰው ቢታመም የኔን ያህል መቀለድ አይችልም። የመጨረሻውን ሳምንት ባትጠብቁ ጥሩ ነው።)

የሐኪሙን ወረቀት በተመለከተ፦ ስሙ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ሽፍታው የወጣበት ቀን ይጠቀስ፣ ከመቼ ጀምሮ መጓዝ እንደሚቻል ይጻፍ። የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ እማዬ የምትጠራኝ ስም ነበር የተጻፈው፤ ተመልሼ አስቀየርኩት።

ሐሙስ ፍልሰታ ተፈታ። ዶሮው ታረደ። ጉድፉ አፌ ውስጥም ወጥቶ ስለነበር በርበሬው እንደ እሳት ለበለበኝ፤ እማዬ እንቁላሉን አጥባ በእንጀራ ፍርፋሪ ሰጠችኝ፣ እያለቀሰች። ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ አለፈ። የኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። አባዬ ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።

የተደበቅሁባቸው ቀናት ጉድ ናቸው። ወንድሜ ሐሙስ ማታ ሳይነገረው ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «መልካም መንገድ እህቴ» ብሏል። ከመቶ በላይ ሰው መርቆኛል። እንዴት ነው አሁን «ቤት ነኝ» የምለው? ጎረቤት ቡና ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። እማዬ «በሰላም ገባች?» ሲሏት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በቫይበር «አሜሪካ አየሩ እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። በመስኮት አየሁ። «ደመናማ ነው፣ ይዘንባል» ብዬ መለስኩለት። ሻንጣው ደግሞ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ዳቦ ቆሎው፣ ከዚያ በሶው። ለሰው የተላከውን አልነካሁም... እሺ፣ አንድ ኩባያ ሽሮ።

አምስተኛው ቀን ላይ የሱቁ ልጅ አየኝ። «እንዴ! ተመለሽ?» አለኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ብዬ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ እኔንም በአሥር ዓመቴ ይዞኝ ነበር» ብሎ ሳሙናውን ሰጠኝ። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ጓዳ መግባቱን ተውኩት።

ለስልሳዎቹ ሰዎች ግን ዝርዝር አውጥቼ አንድ በአንድ ደወልኩ። ከረቡዕ ማታ እስከ ዓርብ ፈጀብኝ። አብዛኛው ሳቀ። አንዳንዱ «ድሮውንም ሰው ዐይን ነው» አለኝ። ሁለት ልጆችን ያዛቸው፤ የአንዷ እናት እስከ ዛሬ ሞቅ አድርጋ አታናግረኝም፣ አልፈርድባትም። የአክስቴ ልጅ ሐኪሟ እስከ 21 ቀን ድረስ ራስሽን ተከታተዪ፣ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካየሽ ወዲያው ደውይ፣ ሰው የሞላበት ተራ ላይ ሳትቀመጪ ብሏታል። በልጅነቷ ይዟት እንደሆነ አክስቴን ጠየቅናት። አክስቴ «ይመስለኛል» አለች። እኔ ደግሞ «ይመስለኛል» የሚል እናት ቃል የት እንዳደረሰኝ አውቃለሁ።

የመጨረሻው ቅርፊት የደረቀው ረቡዕ ነሐሴ 22 ነው። ዓርብ ነሐሴ 24 ማታ ሄድኩ። በዚህኛው የሸኙኝ አራት ሰዎች ናቸው፤ የተሳሳምነውም አንዳንድ ጊዜ ብቻ። አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ ለማወቅ ቸኩላችሁ ይሆናል፤ እኔም ቸኩዬ ነበር። አንድ ትልቅ ሰውዬ ናቸው። ነፍሰ ጡር አልነበሩም። እስከ ዋሽንግተን ድረስ አንኮራፉ።

ኦሃዮ የደረስኩ ሰሞን የጤና ቢሮው ሄጄ ያንን ፎርም አስተካከልኩ። ነርሷ «አሁንማ በእርግጠኝነት ወጥቶብሻል» ብላ ሳቀች። ግን የምቆጥረው ሌላ ነበር። ከነሐሴ 12 ጀምሮ 21 ቀን። ስልኬ ላይ ምልክት አድርጌ በየማታው አንድ እቀንስ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ኮሮና መጥቶ ዓለም ሁሉ 14 ቀን ሲቆጥር የክፍል ጓደኞቼ ግራ ገባቸው፤ ለእኔ አዲስ አልነበረም።

ሃያ አንደኛው ቀን ጳጉሜን 3 ላይ ዋለ። ሩፋኤል። የማኅፀን ፈቺው መልአክ ቀን መሆኑን እማዬ ከኔ በፊት ቆጥራ ደርሳበታለች፤ ለአክስቴ ልጅም ስለት ተስላላታለች፣ ሳታማክራት። እኔ ጋ እሑድ ጠዋት ነው፣ ከእንቅልፌ የነቃሁት በስልኩ ንዝረት ነው። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ከእሷ የመጣልኝ የመጀመሪያ መልእክት ነበር። ፎቶ ነው። ግቢያቸው ውስጥ እንደ ሰፈሩ ልጆች የሩፋኤል ዝናብ ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯ በስብሷል፣ ቀሚሷ ሆዷ ላይ ተጣብቋል። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦

«ምንም አልወጣብኝም። እሱም እየረገጠ ነው። አሁን የልጁን ልብስ ዝርዝር ልልክልሽ ነው፣ አንድም እንዳይቀር።»